የባሕር ላይ ደጅ ጥናት፦ ስለ መርከብ ክፍል አመራረጥና ስለ አፕግሬድ ተስፋ

ስለ መዝናኛ መርከብ ያልተባለ ነገር የለም፤ ስለ ምግቡ ብዛት፣ ስለ መዋኛ ገንዳው፣ ስለ ካሲኖው፣ በየደሴቱ ወርደው ስለሚገዙት ባርኔጣ ሳይቀር። የመንገደኛውን እንቅልፍ ለወራት የሚነሳው ዋና ጉዳይ ግን ተገቢውን ምሁራዊ ትኩረት ሳያገኝ ኖሯል። ጉዳዩ ይህ ነው፦ የትኛውን ክፍል ልያዝ? ርካሹን ይዤ ደህናውን በነጻ ይሰጡኝ ይሆን? የጥናቱን አቋም አንባቢ ከወዲሁ እንዲያውቀው ያህል፣ የመርከብ ኩባንያ የሚሸጠው ሁለት ዕቃ ነው። አንዱ ክፍል፣ ሌላው ተስፋ። ሁለተኛው ቦታ ስለማይዝና አንሶላ ስለማይቀየርለት የሚያዋጣው እሱ ነው።

በዘመኑ መርከብ ላይ ክፍሎች በአራት ነገድ ይመደባሉ፦ የውስጥ፣ ባለ መስኮት፣ ባለ በረንዳ እና ስዊት። (ስዊቶቹ በራሳቸው ነገሥታትና መሳፍንት አሏቸው። በአንዳንድ መርከብ ላይ የራሳቸው ምግብ ቤት፣ የራሳቸው ገንዳና በካርድ ብቻ የሚከፈት በር አላቸው። እኛን ስለማያስገቡን እንለፋቸው።) የውስጥ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ14 እስከ 17 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ መታጠቢያውና ቴሌቪዥኑ የተሟላለት፣ መስኮት ብቻ የሌለው ነው። መብራት ሲጠፋ ቀትርና ውድቅት አንድ ይሆናሉ። እዚያ ያደረ ሰው መንጋቱን ለማወቅ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ፣ በመርከቡ አፍንጫ ላይ የተተከለው ካሜራ የሚያሳየውን ያያል። ጥቁር ከሆነ ተመልሶ ይተኛል።

ኩባንያዎቹም በዚህ ጨለማ ጥቂት ሳያፍሩ አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው ኦአሲስ ኦፍ ዘ ሲስ ከፊሎቹን በረንዳዎች ወደ መርከቡ ሆድ አዙሮ ሠራቸው። መንገደኛው ወጥቶ የሚያየው ዛፍ የተተከለበትን መናፈሻ ነው፤ ከዛፉ ማዶም ሌላ በረንዳ ላይ ቆሞ እሱን የሚያየውን ሰው። በ2010 ኖርዌጂያን ኤፒክ ለብቸኛ ተጓዦች 128 ትንንሽ ክፍሎች ይዞ መጣ። ክፍሎቹ መስኮት አላቸው፤ መስኮቱ የሚያየው ወደ ኮሪደሩ ነው። በ2011 ደግሞ ዲዝኒ ድሪም በውስጥ ክፍሎቹ ግድግዳ ላይ ክብ ስክሪን ሰቅሎ፣ ከውጭ ካሜራ የሚመጣውን ባሕር በቀጥታ ማሳየት ጀመረ። አልፎ አልፎ የካርቱን ገጸ ባሕርያት በስክሪኑ ብቅ ይላሉ፤ ይህ በረንዳ ላይ ለቆመ ሰው እምብዛም አይታይም። መስኮት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በባሕር ላይ ገና አከራካሪ ነው ማለት ነው።

ምርጫው የሚካሄደው በሌሊት ነው። ልጆች ከተኙ በኋላ አባወራው የመርከቡን የወለል ካርታ ኮምፒውተሩ ላይ ይዘረጋል። ቤት ሲገዛ ምድር ቤቱን ወርዶ ያላየ ሰው፣ ለ7 ሌሊት ለሚያድርበት ክፍል ግን ከላዩ ምን እንዳለ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ፣ ጎረቤቱ አሳንሰር ይሁን የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንድ በአንድ ይመረምራል። ድካሙ ከንቱ አይደለም። ከቡፌውና ከገንዳው ወለል ሥር የተኛ ጎህ ሳይቀድ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። ከቲያትር ቤቱ በላይ ያለውን ከበሮው በፍራሹ በኩል ያገኘዋል። ወደ አፍንጫው የተጠጋ፣ መርከቡ መልህቅ በሚጥልበት ማለዳ በሰንሰለት ድምፅ ይነቃል። ወደ ጎረቤት የሚያስገባ የውስጥ በር ያለውን ክፍል የያዘ ደግሞ የማያውቃቸውን ባልና ሚስት ጠብ በነጻ ያዳምጣል፤ ቋንቋው ካልገባው ግን ዕድሉ እንደባከነ ይቆጠራል። ስለዚህ ሊቃውንቱ፣ ከላይም ከታችም ሰው የሚተኛበት ወለል ይመረጣል በማለት ይስማማሉ። ከዚህ በቀር የሚስማሙበት የለም።

እዚህ ላይ የፊዚክስ ጉዳይ ይነሳል። መርከብ በማዕበል ሲናወጥ ንውጽውጽታው ከሁሉ የሚያንሰው ወገቡ ላይና ዝቅ ባሉት ወለሎች ነው፤ ወደ ላይና ወደ ሁለቱ ጫፎች በተኬደ ቁጥር ይብሳል። ዋጋውም ወደ ላይ በተኬደ ቁጥር ይጨምራል። ባሕሩ ሲቆጣ እንግዲህ ጠና ብሎ የሚታመመው ብዙ የከፈለው ነው፤ ከታች በርካሹ ክፍል ያለው፣ ማዕበሉ መኖሩንም ሳያውቅ ያንኮራፋል። ይህን ሁሉም መንገደኛ ያውቃል። ነገር ግን እባካችሁ ዝቅ አድርጉኝ ብሎ ያመለከተ ሰው አልሰማንም።

ሌላው የውዝግብ ምንጭ የነፍስ አድን ጀልባ ነው። ታይታኒክ በ1912 ሲሰምጥ ለሁሉም የሚበቃ ጀልባ አልነበረውም። በዚህ ምክንያት መንግሥታት በ1914 ለንደን ላይ ተሰብስበው ስለ ባሕር ላይ ነፍስ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት አደረጉ፤ በስምምነቱም የነፍስ ማዳኛ ቦታ ለሁሉም እንዲበቃ ተደነገገ። ጀልባዎቹ የሆነ ቦታ መንጠልጠል ስላለባቸው ከአንዳንድ መስኮቶች ፊት ተንጠለጠሉ። ዛሬ የእነዚያ ክፍሎች ነዋሪ ከመቶ ዓመት በፊት ሰው ሲያለቅስለት የኖረውን ጀልባ መጋረጃ ሆነብኝ ብሎ ያማርራል። ኩባንያውም ቅሬታውን ተቀብሎ ክፍሉን “እይታው የተጋረደ” ብሎ በቅናሽ ይሸጠዋል። ከጀልባው በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ማደር ቅናሽ የሚያሰጥ ጉድለት የሆነበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ስለ ቁጥር ጥቂት እንበል። ብዙ መርከቦች 13ኛ ወለል የላቸውም፤ በ14ኛው ላይ የሚያድር መንገደኛ ደረጃውን ቆጥሮ ቢወጣ ራሱን 13ኛው ላይ ያገኘዋል፤ ቆጥሮ የሚወጣ ግን የለም፣ አሳንሰር አለ። ጣሊያኖች ደግሞ የሚፈሩት 17ን በመሆኑ ኤምኤስሲ የተባለው ኩባንያ ትልልቅ መርከቦች ከ16 ወደ 18 ይዘላሉ። ክፉ ዕድል የወለሉን ስም ብቻ አይቶ እንደሚያልፍ ሁለቱም ወገኖች ያምናሉ።

አሁን ወደ ጥናቱ እምብርት እንግባ። ከሁሉም የሚረክሰው አገዛዝ ደረጃውን ብቻ መርጦ ቁጥሩን ለኩባንያው መተው ነው፤ ጋራንቲ ይሉታል። የውሉ ፍሬ ሐሳብ፣ በከፈሉበት ደረጃ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ክፍል ይመደብልዎታል ነው። “ከዚያ በላይ” የሚለው እንግዲህ ነገሩን ለትርጓሜ ክፍት ያደርገዋል። ሐተታ። አንድም፦ የውስጥ ክፍል ይሰጡሃል ሲል ነው፣ የከፈልከው ለእሱ ነውና። አንድም፦ ባለ መስኮት ይሰጡሃል ሲል ነው፤ ለምን ቢሉ “ከዚያ በላይ” ብሏልና። አንድም፦ በረንዳ ነው፣ መስኮትም ከበረንዳ በታች ነውና። አንድም፦ ስዊት፤ “ከዚያ በላይ” ላለው ወሰን አልተበጀለትምና። አንድምታው በዚሁ ወደ ላይ ይሄዳል። የመጀመሪያውን አንድምታ ዞሮ የሚያይ ደቀ መዝሙር ግን አይገኝም።

ከፍሎ የሚጠብቅ ሰው ደጅ ጠኚ ይሆናል። በቀድሞው ዘመን ርስት የተነጠቀም ሹመት የፈለገም በመኳንንት በር ወራት እየተመላለሰ እጅ ሲነሳ ይከርም ነበር። የመርከቡ ደጅ ጠኚ እጅ የሚነሳው ለኢሜይሉ ነው። የድሮው ቢያንስ አጋፋሪው ፊቱን ሲያጠቁርበት ያያል፤ የአሁኑ ይህም አይሟላለትም። ከባልቲሞር ወደብ ተሳፍረው ባሃማስ ሊሄዱ ጥቂት ሳምንት የቀራቸው የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነዋሪ ባልና ሚስት እንዲህ ሲባባሉ ተሰምቷል፦

«አየሽው ኢሜይሉን?»

«የቱን?»

«የመርከቡን ነዋ!»

«የመጠጥ ፓኬጅ ግዙ የሚለውን ነው? አንተ ደግሞ፣ ትናንትም እኮ ልኮልሃል።»

«ከሥሩ ሌላ ነገር ይኖረዋል፤ እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?»

ደጅ ጠኚው እጅ መንሻም አለው። አንዳንዱ ቦታ ሲይዝ የጋብቻ በዓላችን ነው ብሎ ያስመዘግባል፤ በዚህ ረገድ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያገባ ሰው እንዳለ ጥናቱ ይገምታል። አንዳንዱ በመሳፈሪያው ቀን ሱፍ ለብሶ፣ ቸኮሌት ይዞ፣ ከመቀበያው ባንኮኒ ፊት ፈገግ ይላል። ክፍል ያን ቀን ከተመደበ ሰንብቷል። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ፓስፖርት ልታይና ፎቶ ልታነሳ ነው የተቀመጠችው፤ ስዊት የመስጠት ሥልጣኗ ከቸኮሌቱ ጋር የሚመጣ አይደለም። ቸኮሌቱን ግን ትወስዳለች። ከተሳፈሩ በኋላ ደግሞ ተራው የክፍል አጽጂው ይሆናል፦ «ወንድሜ፣ ባዶ የቀረ የተሻለ ክፍል የለም?» ይሉታል። እሱ ራሱ ከመንገደኞች ወለል በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከሥራ ባልደረባው ጋር በተደራራቢ አልጋ የሚያድር ሰው ነው። አጥብቆ ያስባል፤ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ማታ ከፎጣ ዝሆን ሠርቶ አልጋው ላይ ያስቀምጥላቸዋል።

ታዲያ አፕግሬድ ጨርሶ የለም ወይ? አለ። ምክንያቱ ግን ፍቅር አይደለም። የመርከብ ኩባንያ ሒሳቡን የሚሠራው እያንዳንዱን ክፍል ለሁለት ሰው ቆጥሮ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ ሰው የሚተኛበት ክፍል ስላለ መርከብ ከ100 በመቶ በላይ ሞልቶ ይሄዳል። በ2024 ሥራ የጀመረው አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ በ20 ወለሎቹ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያደላድለው ቢሮ የአንድን ሰው የጋብቻ በዓል ቁጭ ብሎ አያስብም። የሚያስበው፣ ርካሾቹ ክፍሎች አልቀው ፈላጊያቸው ገና አለ፣ ባለ መስኮቶቹ ግን ፈላጊ አጡ የሚለውን ነው። ያን ጊዜ ከውስጥ ክፍል አንዱን አንስቶ ባለ መስኮት ላይ ያስቀምጠዋል፤ የለቀቀውንም ለተረኛው ይሸጠዋል። ከፍ የተደረገው ሰው ተወደድኩ ብሎ ለዘመድ ይደውላል። ቦታው ለሌላ ስለተፈለገ መነሳቱን የሚነግረው የለም፤ መንገርም አያስፈልግም።

ኩባንያዎቹ ከጊዜ በኋላ ተስፋ በነጻ መበተኑ ኪሳራ መሆኑ ታያቸውና ለጨረታ አወጡት። ሮያል ካሪቢያን “ሮያልአፕ” ይለዋል፤ ኖርዌጂያን “አፕግሬድ አድቫንቴጅ”። መንገደኛው የተሻለውን ክፍል ለማግኘት የሚጨምረውን ገንዘብ ራሱ ይጽፋል፤ ከጎኑ ያለው መለኪያ የዋጋውን ጥንካሬ ይነግረዋል። ትንሽ ካቀረበ “ደካማ” ይባላል። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ በገዛ ገንዘቡ ደካማ ተብሎ አይተኛም፤ ጠቋሚውን ትንሽ ገፋ ያደርገዋል፤ “መካከለኛ” ሲባል ደግሞ ከደካማ ይልቅ ያሳፍረዋል። የሚጻፈው ዋጋ የአንድ ሰው መሆኑን፣ በሁለት እንደሚባዛ የሚያስተውለው ኋላ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰውም በሁለት ተባዝቶ ይከፍላል፤ ላልመጣው ሰው አፕግሬድ ገዝቶለት ማለት ነው። ጨረታውን ካሸነፈ ገንዘቡ ከካርዱ ይቆረጣል፤ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት የለም።

ያሸነፈውስ? እዚህ ላይ ማስረጃው ያሳዝናል። ጨረታው የሚሰጠው ደረጃን እንጂ ቁጥርን አይደለም። አባወራው በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ ካርታ አንብቦ፣ ከላይም ከታችም መኝታ ያለበትን፣ ከወገብ ያልራቀ ክፍል መርጦ ነበር። አሁን በረንዳ አለው፤ በረንዳው በመርከቡ የኋላ ጫፍ፣ ከገንዳው ወለል ሥር ነው። ምግብ ቤት ለመድረስ መርከቡን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ያቋርጣል። ጎህ ሳይቀድ ወንበር ሲጎተት ይሰማል። በረንዳው ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ለዘመድ ፎቶ ይልካል፤ ፎቶው ላይ ወንበሩ አይሰማም። ይህን ፈርተው ከመጀመሪያው ክፍላችን አይቀየርብን የሚለውን ሳጥን ምልክት የሚያደርጉ ጥቂት መናንያን አሉ። በደንብ ይተኛሉ፤ በራት ጊዜ ግን የሚያወሩት የላቸውም።

ጉዞው ሊያልቅ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው እዚያው መርከቡ ላይ የሚቀጥለውን ጉዞ የሚያስይዝ ጠረጴዛ አለ፤ ትንሽ ቀብድ ይቀበላል፣ ማበረታቻም ይሰጣል። ሰልፉ ረጅም ነው። የሲልቨር ስፕሪንጓ ሚስት ባሏን ከገንዳው እስከ ቡፌው ፈልጋ ያገኘችው እዚያ ነው፤ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ሲከት።

«ደግሞ የቱን ያዝክ?» አለችው።

«የውስጥ ነው። ቁጥሩን ኋላ ይነግሩናል።»