«ሙሉ ቪዲዮው ኮሜንት ላይ»

«ልበ ደካሞች እንዳታዩት» ይላል ጽሑፉ። ሬሳውን ግን ከጽሑፉ በላይ ለጥፎታል፤ ማስጠንቀቂያው ልበ ደካማው ጋ የሚደርሰው አይቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ቀጥሎ «ነፍስ ይማር»፣ ከሥሩ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳይረሱ»። ለቅሶ ቤት መጥቶ ንፍሮ የሚዘግን እናውቃለን፤ ላይክ የሚለምን ለቀስተኛ ግን የዚህ ዘመን ግኝት ነው።

ጳጉሜ 5 ቀን 2017፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል አሜሪካ ዩታ ውስጥ ቻርሊ ከርክ የሚባል የፖለቲካ ሰው በተሰበሰበ ሕዝብ ፊት ተገደለ። ወሎ ሰፈር ያን ሰዓት ዶሮ ትገነጥላለች። ወጡ ሳይበስል ቪዲዮው ደረሰ። በነጋታው አንዱ ጎረምሳ «እንኳን አደረሰህ» ሳይለኝ ስልኩን ደቀነብኝ።

«አየኸው?»
«ማንን?»
«አሜሪካዊውን ነዋ!»
«በሕይወት እያለ ታውቀው ነበር?»
«ኧረ እኔ የት አውቀዋለሁ!»
«ታዲያ ሊሞት ሲል ምን ያስተዋውቅሃል?»

ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ-ቻይና ጎዳና ዳር፣ ጀበና ቡና ላይ፣ የሞት ቪዲዮ ይታይ አይታይ የሚለው ክርክር እንደገና ተነሣ። አንድ ባለ ሱፍ ጀመረ፦ «ሕዝብ የማወቅ መብት አለው!»

ይወቃ! ማን ሞተ፣ የት ሞተ፣ በማን እጅ፣ ማን ይጠየቃል፤ ይሄ ሁሉ ማወቅ ነው። ሲወድቅ ካላየሁ አላወቅሁም የምትል ከሆነ ዓድዋን በምን አወቅኸው?

«ዝነኛ ሰው እኮ የሕዝብ ነው!»

ሥራው አዎ። ሬሳው የእናቱ ነው። የለም፣ ሁለመናው የሕዝብ ነው ካልክ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያም ሕዝብ ይክፈላ! እስከዛሬ ደረሰኝ የያዘ አድናቂ አላየንም።

«ፊቱን ብለር አድርገነዋል!»

ስሙን በትልቁ ጽፈህ፣ የመኪናውን ታርጋ አሳይተህ፣ አፍንጫውን አደበዘዝክለት። ውለታህ አይረሳም።

«ካልታየ ይዳፈናል፤ መንግሥት ይደብቀዋል!»

ይሄኛው እንኳን ጥርስ አለው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሲያርፉ ደርግ «ታመው ሞቱ» ብሎ አለፈ። አስከሬን አልታየ፣ ቀብር የለ። ዐፅማቸው ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የወጣው በ1984 ነው፤ ቅድስት ሥላሴ ያረፈው ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993። በዚህ ሁሉ ዘመን ሻሸመኔ ላይ «አልሞቱም» ብሎ የሚምል አልጠፋም። የተደበቀ ሬሳ ወሬ ይወልዳል፤ አልከራከርም።

የታየውስ? ይኸው ከደጃችን፣ ታክሲ ብትይዝ ስታዲየም ሳትደርስ የምትወርድበት መስቀል አደባባይ። ሐምሌ 19 ቀን 2010፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የሕዳሴ ግድቡ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ መኪናው ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፎቶው ወዲያው በየስልኩ ገባ። ሚኒባሱ በሙሉ መርማሪ ሆነ፤ ሂሳብ የሚሰበስበው ረዳት ሳይቀር አጉልቶ፣ ገልብጦ አየ። ጳጉሜ 2 ቀን ፖሊስ «ምርመራዬን ጨርሻለሁ፤ ራሱን ነው ያጠፋው» አለ። ታዲያ ፎቶውን አገላብጦ ያየው ሕዝብ አመነ? ዛሬም እያንዳንዱ ቡና ቤት የየራሱ ገዳይ አለው! «ማየት ማመን ነው» የምትለው ወንድሜ፣ አይተህ ያላመንከው አንተው አይደለህም እንዴ? ጥርጣሬህን የሚፈታልህ ሙሉ የምርመራ መዝገብ ነበር፤ አንተ ግን ፎቶ ሲደርስህ መዝገብ መጠየቁን ተውከው።

አሜሪካኖቹም ከዚህ አልተሻሉም። ፕሬዚዳንታቸው ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲገደሉ አንድ ነጋዴ በእጅ ካሜራው የቀረጸው ፊልም በአገሪቱ ቴሌቪዥን የታየው በ1975 ነው። ምክር ቤታቸው በማግሥቱ ዓመት አዲስ ምርመራ ከፈተ፤ ይህን ያህል ጠቅሟል፣ ይመዝገብለት። ሰውየውን ማን ገደለው ብለህ ብትጠይቅ ግን እስከዛሬ አንዱ ካንዱ ይጣላል።

እኔን የሚያንጨረጭረኝ ሌላ ነው። ስመኘው ሰባት ዓመት ሙሉ ጉባ ላይ፣ ቆቡን እንደደፋ፣ ኮንክሪቱን በእጁ እያሳየ ሲያስረዳ ተቀርጿል። ቪዲዮ ሞልቷል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ። እስቲ ስልክህን ክፈትና ቆጥረህ ንገረኝ፤ ሲሠራ የሚያሳይ ስንት አለህ? የሞተበትንስ?

ባለ ሱፉ ቡናውን አማሰለ። ስኳሩ ድሮ ሟሙቷል።

ቡና የምታፈላው ልጅ ረከቦቱን እያስተካከለች ነበር። «ወንድሜ» አለችው፣ «እናትህ ስኳር አለባት?»
«ግፊት ነው ያለባት። ምነው?»
«መርዶ ሲነገር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ነው።»

ገባችበት! መርዶ በእኛ አገር ወግ አለው። ማታ የተሰማው ሞት ታፍኖ ያድራል። ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አንደበተ ርቱዕ ሽማግሌ ተመርጦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ቆሞ ነው የሚነገረው። ቴሌግራም ይሄን ሁሉ አያውቅም። እናትየዋ ጉልት ላይ ሽንኩርት ስትመርጥ ይደርስባታል። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 አይሲስ ሊቢያ ላይ ወገኖቻችንን የገደለበትን ቪዲዮ ሲለቅ ከጎረቤታችን ከቂርቆስ የሄዱ ልጆች ነበሩበት፤ ቤተሰብ ልጁን ለይቶ ያወቀው ከምስሉ ላይ ነው። እነዚያ ልጆች እንኳን ዝነኛ አልነበሩም። በሕይወት እያሉ አንድም ካሜራ ዞር ብሎ አላያቸውም። ደግሞ ያንን ቪዲዮ አይሲስ አቀናብሮ የሠራው እንድናሠራጭለት ነው። እኛም ያለ ደመወዝ ተቀጠርንለት፤ ትርፍ ሰዓትም ሠራን።

«ሕግ የለም ወይ?» አለ ጥግ ይዞ የተቀመጠው።

ሕጉማ አለ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አለ፣ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤትም አለ። ጣቢያው ጥፋት ቢሠራ ፈቃዱ ስላለ ተጠርቶ ይጠየቃል። ያንተን አርባ ሺህ ተከታይ ያለው ቻናል ማን ብለው ይጥሩት? «ወሎ ሰፈር ሰበር» ብለው?

ደግሞ መንግሥት ቆርጦ ላሳይ ሲልም አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ ሳዳም ሲሰቀል የኢራቅ ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፍቶ፣ ገመዱ አንገቱ ላይ ሲገባ አቆመ። ስድቡም መጨረሻውም ያለበት በስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ ወዲያው ተከትሎት ወጣ።

ስለዚህ እኔን ከጠየቅኸኝ፣ ቪዲዮው ካለ መርማሪ እጅ ይግባ፤ ፍርድ ቤትም ይየው። መግለጫ የሚሰጠው አካል ምን እንዳገኘ ሳይቀንስ ይንገረን፤ ከቀነሰ ያኔ አብረን እንጮህበታለን። ማታ ሁለት ሰዓት ዜና ላይ ግን፣ ልጆች እራት ሲበሉ፣ አይምጣብን።

«እሺ» አለ ባለ ሱፉ ሒሳቡን እየከፈለ፣ «አንተ ራስህ ብትሞትስ? አይቀረጽም ትላለህ?»

«እኔን ማን ይቀርጸኛል! ብትፈልግ ግን ዕድሬን እስከ ሰኔ ከፍያለሁ፤ ጥሩምባ ነፊው ስልክ የለውም።»