የዘርዐ ያዕቆብ ሙግት በሉማሜ

ሉማሜ ላይ «ማስተርስ ልጀምር ነው» ያለ ሰው ወዲያው «በምን?» ተብሎ ይጠየቃል። አካውንቲንግ ካለ ይመረቃል። ጤና ካለ ወገቡን የሚያመው፣ ዐይኑ የደከመበት ሁሉ ከፊቱ ይሰለፋል። «ፍልስፍና» ካለ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። እናቴ ቶናውን እየቀዳች «መድኃኔ ዓለም ይርዳህ» ያለችኝ ሪፈር ለተጻፈለት በሽተኛ በሚባልበት ድምፅ ነው።

አልፈርድባትም። እሷ የምታውቀው ፈላስፋ አንድ ነው፤ ጉዱ ካሣ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ያን ሁሉ ጥበብ የሰጡት ሰው መንደሩ እንደ እብድ የሚያየው ሰው ነው። እናቴ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምታዋለች። የዲማው ጉዱ ካሣ በነፃ የሆነውን፣ ልጇ ስድስት ኪሎ ድረስ ሄዶ፣ የቤት ኪራይ እየከፈለ ሊሆነው መነሣቱ አልገባ አላት።

ከዘመድ ሁሉ ፍልስፍናን በአካል የሚያውቃት የአክስቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እንደ ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክ ወስዷል፤ የቀረለትም ቂም ነው። «ሶቅራጥስ ሟች መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ሴሚስተር ፈጀን፤ እዚህ ዕድር ቢጠየቅ በአንድ ቀን ይነግረን ነበር» ይላል። የመግቢያውን ብሔራዊ ፈተና፣ ጋት የሚሉትን፣ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ማለፌን ስነግረው ደስ አለው። ተመርቄ የማገኘው ሥራ ምናልባት የሎጂክ መምህርነት መሆኑን ስነግረው ግን ስኒውን መልሶ አስቀመጠ።

የጎረቤታችን የኔታ ብቻ ናቸው ነገሩን እንደ ነገር ያዩት። እሳቸው በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ቁራሽ ለምነው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። «ታዲያ አንተ አኩፋዳህ የታለ?» አሉኝ። ኪሴ ውስጥ አለ፤ ስልኬ ነው። ወሩ ሲጋመስ እናቴ ዘንድ ደውዬ «በእንተ ስማ ለማርያም» የምለው በእሱ ነው። ውሻ ስለሌለበት ብቻ የእኛ ትምህርት ከእሳቸው ይቀላል።

ትልቁ ነገር የመጣው ምን እንደማጠና ስጠየቅ ነው። የጠየቁኝ አያ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አያ በወሰን ሙግት ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ደብረ ማርቆስን በፍርድ ቤቷ በር በኩል ብቻ የሚያውቋት ሰው ናቸው።

«ዘርዐ ያዕቆብን ነው» አልኩ።

«ንጉሡን?»

«ንጉሡን አይደለም። ሌላ ነው፤ ፈላስፋው።» ከዚያ ታሪኩን ነገርኳቸው። በ1599 እ.ኤ.አ. አክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ መወለዱን፣ ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ በገቡ ጊዜ ነገር ተሠርቶበት መሸሹን፣ ዳዊቱንና ጥቂት ወርቅ ይዞ ዋሻ ገብቶ ሁለት ዓመት ብቻውን ሲያስብ መኖሩን፣ በኋላም እንፍራንዝ ተቀምጦ ሃይማኖቱን ሁሉ በልቡናው የመረመረበትን ሐተታ መጻፉን።

«ገበሬ የወለደው መሆኑ ጥሩ ነው» አሉ። «ሰነዱን ማን አገኘው?»

«ዩስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ የካቶሊክ ቄስ። በ1852 እ.ኤ.አ.፣ በጌምድር።»

«ለማን ሰጠው?»

«አንቷን ዳባዲ ለሚባል ፈረንሳዊ ላከለት።»

«ዋናው የት አለ?»

«ዋናው አልተገኘም። ሁለት ግልባጭ ፓሪስ አለ። አንደኛው በራሱ በቄሱ እጅ የተገለበጠ ነው።»

አያ ዝም አሉ። በዚህ ዓይነት ማስረጃ ስንት ወሰን ሲነጠቅ ያዩ ሰው ናቸው። «ተቃዋሚ አልተነሣበትም?»

«ተነሥቷል። በ1920 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ሊቅ ‹ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ሰው የለም፤ የጻፈው ራሱ ቄሱ ነው› አለ።»

«እሱስ የማን አገር ሰው ነው?»

«ጣልያን።»

«ከሳሽ ጣልያን፤ ተከሳሽ ጣልያን፤ ርስቱ የእኛ!» አሉ አያ። «ጠበቃስ የለንም?»

አለን። ክላውድ ሰምነር ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍልስፍና አስተማሩ፤ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ አሳትመው ለዘርዐ ያዕቆብ ቆሙ። እኔ በበኩሌ ለእኚህ ሰው ባርኔጣ አነሣለሁ። አያ ግን «ጠበቃውም ፈረንጅ ነው?» አሉና ወደ ምስክር ዞሩ።

ምስክር ሲሉኝ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ጠራሁ። ግዕዝን እንደ እሳቸው የሚያውቅ ጥቂት ነበር። መጀመሪያ የኮንቲ ሮሲኒን ወገን ይዘው ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ግን ሐሳባቸውን ለውጠው ሐተታው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው አሉ። አያ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ቃሉን የለወጠ ምስክር በእሳቸው ልማድ ውድቅ ነው። በእኛ ክፍል ግን በሽምግልና ዕድሜ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሊቅ ከመቶ ምስክር ይበልጣል ብል ሊሰሙኝ አልፈለጉም። በዚህ ነጥብ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

የኔታ ዳር ይዘው ሲያዳምጡ ቆይተው «ግዕዙን አንብብልኝ» አሉ። ከስልኬ ጥቂት አነበብኩላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ይህን የጻፈው ዳዊት በቃሉ የያዘ ሰው ነው» አሉ። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ቄሱስ ዳዊት በቃሉ ላለመያዙ ማን ይመሰክራል ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ ፈራሁ። ለካ ሰምነር ያን ያህል ቅጽ ሲጽፉ ከያዟቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው የቋንቋው ነገር ነው።

አያ ሙግቱን በቀጠሮ አሳደሩት። «የፓሪሱ ግልባጭ ለብቻው አያስረታም» አሉ። «ከቄሱ እጅ ያልወጣ፣ ከ1852 በፊት የተጻፈ ቅጂ አምጣ። ያን ጊዜ ጣልያኑም ፈረንሳዩም አፉን ይይዛል።» አማካሪዬ የፕሮፖዛሌን ጥያቄ በሦስት ገጽ ጽፌ እንዳመጣ አዞኛል፤ አያ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ወረዳችን አዋበል ጤፍ እንጂ ነገር ዐዋቂ አያበቅልም ያለ ካለ ይቺን ይስማ።

ስለዚህ አደራ የምለው አለኝ። ከደጀን እስከ ሞጣ፣ ከቢቸና እስከ ደብረ ኤልያስ፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሳችሁት ብራና በሣጥን ያላችሁ፣ የደብራችሁን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዛችሁ፣ እስኪ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። በውስጡ «ዘርዐ ያዕቆብ» ወይም በሌላ ስሙ «ወርቄ» የሚባል ሰው ስለ ዋሻ ሲያወራ ካገኛችሁ ከቦታው አታንቀሳቅሱት፤ ፎቶ አንሡና ስድስት ኪሎ፣ ፍልስፍና ክፍል ላኩልን። ለፈረንጅ ግን አትሽጡት፤ በዚህ ሙግት ፈረንጅ በዝቷል።