ለሰው አይደለም፣ ለተመራማሪ ነው

የቡሬን በርበሬ ስም ይዘህ ሸክላ የምታስፈጭ ነጋዴ ሆይ፣ ዕድሜ ልክህን ተሳስተህ ኖረሃል። ማዳበሪያህ ተፈትቶ ቀዩ አፈር ሲታይ፣ ሚዛንህ ተወርሶ አንተም ስትወሰድ ጥፋትህ ሸክላው መስሎህ ነበር። ጥፋትህ ማዳበሪያው ላይ አለመጻፍህ ነው። «ለምርምር ብቻ፤ ለወጥ አይውልም» ብለህ በከሰል ብትሞነጫጭርበት ኖሮ ዛሬ የሳይንስ አጋር ተብለህ ትከበር ነበር። ቅቤ ላይ ሙዝ የምትለውሺው፣ ሊጥ ላይ ጀሶ የምትበጠብጪው፣ ማር ላይ ስኳር የምታፈላው ሁላችሁም እንደዚሁ ናችሁ፤ አንድ እስክሪብቶ አጥታችሁ ተዋረዳችሁ። የደንበጫዋ አረቄ አውጪ እንኳ ጠርሙሷ ላይ «የጉሮሮ ጥናት ናሙና» ብላ ብትለጥፍ ማን ይናገራት ነበር?

ጥበቡ የኔ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ የፔፕታይድ ነጋዴዎች የቀሰምኩት ነው። ሰዎቹ አውራ ጣት በምታህል ብልቃጥ ውስጥ ቆንጠር የምታህል ነጭ ዱቄት ያደርጋሉ፤ በላይዋ «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አገልግሎት አይውልም» የሚል ወረቀት ይለጥፋሉ፤ በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ከብልቃጧ ጎን ዱቄቱ የሚበጠበጥበት ውሃ አለ፣ ከውሃው ጎን መርፌ አለ፣ ሁለትና ሦስት ለገዛ ደግሞ ቅናሽ አለ። ለሰው ያልሆነ ነገር መርፌ ምን ያደርግለታል ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ እዚያ ገበያ ውስጥ አይገኝም። ሻጩ «ለምርምር ነው» ይላል፣ ገዢው «ተመራማሪ ነኝ» ይላል፣ ይተማመናሉ። ነገ አንዱ ሲታመም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው፤ «እኔ መቼ ተወጋው አልኩት? ወረቀቱን አላነበበም?»

ፔፕታይድ ራሱ ነውር የለበትም። የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት ነው፣ ሰውነታችንም ሌት ተቀን ይሠራዋል። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ ያለው ፔፕታይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1922 ቶሮንቶ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከተወጋው ወዲህ ስንቱን ከመቃብር አፋፍ መልሷል። ለስኳር በሽታ ወጥቶ በኋላ ባለጸጋው ሁሉ ቦርጩን ሊያጠፋበት የተሻማበት ሴማግሉታይድም የዚሁ ዘር ነው። እነዚህ ተፈትነው፣ ተመዝግበው፣ በሐኪም እጅ የሚሰጡ ናቸው። በምርምር ስም የሚቸረቸረው ግን ሌላ ጉድ ነው። ቢፒሲ-157 የሚሉት ከዛግሬብ የተነሣ ነው፤ ዝናው ሁሉ ባብዛኛው ከአይጥ የተገኘ ዝና ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሕክምና አላጸደቀውም፤ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአትሌት ላይ ከልክሎታል። ሬታትሩታይድ የተባለው ደግሞ ይብሳል። ባለቤቱ የመድኃኒት ኩባንያው ኢላይ ሊሊ ገና በሰው ላይ ሙከራውን ሳይጨርስ ዱቄቱ በሌላ ሰው እጅ ገበያ ወጣ። ሽማግሌ ሳይላክ ክርስትና ተነሣ እንደማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት እንዲህ ላሉ ሻጮች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላከ። ፍሬ ነገሩ፦ ብልቃጡ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ክብደት ይቀንሳል እያላችሁ እስከሸጣችሁት ድረስ መድኃኒት ነው፣ ያውም ያልተፈቀደ መድኃኒት። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! ሰው የለጠፈውን ወረቀት ትቶ የሚሠራውን ሥራ መመልከት!

ታዲያ ይህን ሁሉ ብልቃጥ የሚያነሣው ተመራማሪ ማን ነው? ላቦራቶሪ የለውም፤ ጂም አለው። ነጭ ጋዎን የለውም፤ ጡንቻው ላይ የተጣበቀ ካናቴራ አለው። የሙከራ አይጥ አላረባም፤ የገዛ ሆዱ ይበቃዋል። የጥናቱን ውጤት ቲክቶክ ላይ ልብሱን አውልቆ ያሳትመዋል። አዲስ አበባ ያሉት ባልደረቦቹ ደግሞ የጥናት መስካቸው ቆዳ ነው። ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ ያላትን ታናሽ ፔፕታይድ፣ ግሉታቲዮንን፣ «ታነጣለች» ስለተባለ በቴሌግራም ያሳድዷታል። የፊሊፒንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለመንጣት ተብሎ በመርፌ የሚወሰደው አደጋ አለው ብሎ ያስጠነቀቀው ገና በ2011 እ.ኤ.አ. ነበር። ግን ፊሊፒንስ ሩቅ ነው፤ ዴሊቨሪው ደግሞ በር ላይ ደርሶ እየደወለ ነው።

የኛ ሕግ እንዲህ ያለ ረቂቅ ምርምር የሚገባው ሕግ አይደለም፤ ገበሬ ነገር ነው፣ ሥራውን አይቶ ስሙን ያወጣል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሰውን በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለመከላከል ወይም የአካልን አሠራር ለማስተካከል የሚውል ነገር መድኃኒት ነው። መድኃኒት ከሆነ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይመዘገብ ገበያ አይወጣም። «ኧረ መድኃኒት አይደለም፣ ምርምር ነው» ያለ እንደሆነም እሰየው፤ መድኃኒትን በሰው ላይ መሞከር ከዚያው ባለሥልጣን ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ያየዋል። ስለዚህ «ለምርምር ብቻ» ብሎ የለጠፈ ሰው ከአንደኛው ክስ ሮጦ የሁለተኛው ክስ እቅፍ ውስጥ ገባ፤ ያውም በገዛ እጅ ጽሑፉ። አትሌትማ ይህን ማምለጫ ጭራሽ አያገኘውም። ኢፒኦ የሚባለው ደም አብዢ 165 አሚኖ አሲድ ያለው ሆርሞን ነው፤ ሰው ሠራሹ ሽንት ውስጥ ከተገኘ ብልቃጡ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

ለነገሩ ተመራማሪን እኛ ጎጃሞች ከጥንት እናውቀዋለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን ሲያይ በኮኮናት ዋንጫ ቀድቶ ለንጉሡ ለሳልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። ሊመረምር መጥቶ መጠጣቱን ልብ በሉልኝ። ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ከእሱ 150 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ እዚያው ምንጭ ላይ ቆሞ ነበር፤ የአካባቢው የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ጸበሉን ሲጠጣ ኖሯል። ግኝቱ ግን የብሩስ ሆነ፤ ጽፎታላ! ጸበሉ ዛሬም በጀሪካን ተጭኖ ይሄዳል። ጀሪካኑ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ ሰው ሊጠጣው እንደሚወስደው ካህኑም ምእመኑም ያውቃል፣ ማንም ማንንም አይሸውድም።

የሰከላ የስኳር ሕመምተኛ ግን ተመራማሪ ለመሆን አልታደለም። የሱ ፔፕታይድ ካርድ፣ ሐኪምና ማዘዣ ይፈልጋል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅን። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጥ ይላል መመሪያው፤ ፍሪጅ በሌለበት ጎጆ ብልሃቱ እንስራ ሥር፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ መቅበር ነው። የተመራማሪው ብልቃጥ ግን በየትኛው ሻንጣ፣ በየትኛው ፀሐይ ሥር እንደከረመ የሚያውቅ የለም፤ ውስጡ የተባለው ነገር መኖሩንም እንዲሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብራዚል፣ ብሪታንያና አሜሪካ ውስጥ ተመሳስሎ የተሠራ ኦዘምፒክ (የሴማግሉታይድ የገበያ ስም ነው) መገኘቱን አስታውቋል። በሕጋዊው ስምና ማሸጊያ ይህ ከሆነ፣ «ለሰው አይደለም» የሚለውን ብልቃጥ አስመስሎ ለመሥራት ምን ያህል ላብ ይፈልጋል? ደግሞስ ተታለልኩ ብሎ የሚከስ ማን አለ? «ልወጋው ያልገዛሁት ነገር ስወጋው አልሠራልኝም» ብሎ አቤቱታ የሚያጽፍ?

ይህን ሁሉ ጥበብ ለሀገሬ ሰው ላካፍል ብዬ ሳስብ ፊቴ የሚመጣው የፍኖተ ሰላም ገበያ የኪኒን አዟሪ ነው። ሾላ ሥር ላስቲክ ዘርግቶ፣ ቴትራውን ከምላጭና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ደርድሮ የሚሸጠው። የጤና ጽሕፈት ቤት ሰው ብቅ ሲል ላስቲኩን በአራት ማዕዘኑ ጠቅልሎ መሮጥ የለመደው። መጥቶ ቢያማክረኝ እንዲህ የምንባባል ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ቴትራው ላይ 'ለሰው አይደለም' ብዬ ብጽፍበት ይበቃኛል?»

«ታዲያ ለማን ነው ይሉሃል።»

«ለከብት ነዋ!»

«ለከብት ካልክ የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አዋጅ 728/2004 ይጠብቅሃል። ለበሬም ሳይመዘገብ አይሸጥም።»

«ለአይጥስ ብል?»

«ለመግደያ ነው ካልክ የፀረ ተባይ አዋጅ 674/2002 አለልህ። አይጥ ላድን ነው ካልክ ደግሞ ጤንነትህን ያስመረምሩሃል።»

«እንግዲያው እንደነዚያ ለተመራማሪ ልበላ!»

«የምርምር ፈቃድህን አምጣ ይሉሃል።»

ራሱን አከክ አከክ ያደርጋል። «ታዲያ ጋሼ፣ እነዚያን በቴሌግራም የሚሸጡትን እንዴት ዝም አሏቸው?»

«እነሱን የት አግኝቶ? ሱቅ የላቸው፣ ላስቲክ የላቸው፣ ስማቸውም የውሸት ነው። አንተን ግን ሾላዋ ሥር ሁሉ ያውቅሃል።»

«እውነትዎን ነው፤ እኔማ ከሾላዋ የት እሄዳለሁ» ይልና ድምፄን ሰምቶ ቀና ይላል። «ጉንፋን ቢጤ ይዞዎታል መሰል፤ አራት ፍሬ ልቁጠርልዎ?»