ተርቦው እስኪቀዘቅዝ

መኪና የገዛ ልጅ ስላለኝ የጉደር ሰው ይቀናብኛል። ቅናቱን ከነወጪው ቢወስድልኝ እመርቀው ነበር።

ልጄ ያመጣት መኪና ከፍ ያለች፣ የምታብረቀርቅ የቻይና ሥሪት ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሰው ገበያ አልዘጋም። ሞተሯ አንድ ሊትር ተኩል ነው። “ይህን ሁሉ አካል አንድ ሊትር ተኩል ይጎትተዋል?” ብለው “አባዬ፣ ተርቦ አላት እኮ” አለኝ።

ተርቦ ምን እንደሆነ ጠይቄ ተረድቻለሁ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ በማርሚታ በኩል ከመባከኑ በፊት አንዲት ትንሽ ተርባይን ያሽከረክራል። ተርባይኗ በዚያው ዘንግ ላይ ያለችውን መጭመቂያ ታዞራለች፤ መጭመቂያዋ ደግሞ አየር ጠቅጥቃ ወደ ሲሊንደር ትልካለች። አየር ሲበዛ ቤንዚኑም ይበዛል፣ ጉልበቱም ይበዛል። ለደጋ ሰው የተፈጠረ ነገር መሆኑን አልክድም። እኛ ጋ፣ በ2,000 ሜትር ከፍታ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። አሜሪካኖች በ1918 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ሞተር ተርቦ ገጥመውለት፣ ፓይክስ ፒክ በሚባል ተራራ 4,300 ሜትር ገደማ ላይ ወስደው የሞከሩት ይህንኑ ለማየት ነው። እውነትም ከአምቦ ወደ ወንጪ ስንወጣ ልጄ ጫን ሲያደርጋት ሽቅብ ትነጠቃለች። ያኔ ዝም እላለሁ። ስንወርድ ግን እናገራለሁ።

ያቺ ተርባይን በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ትዞራለች። የሚመታት ጭስ 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ዘንጓን የተሸከመው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። ዳገቱን በርትተህ ወጥተህ በርህ ላይ እንደደረስክ ሞተሩን ድርግም ካደረግኸው የዘይቱ ዝውውር ይቆማል። በጋለው ብረት ውስጥ የቀረው ዘይት ያርራል፣ ይጋገራል፣ ቀጭኗን የዘይት መንገድ ይደፍናል፤ በሌላ ቀን ዘንጓ ደረቋን ትዞርና ትበላለች። ስለዚህ የጋለበ ፈረስ ወዲያው ውሃ እንደማይሰጠው ሁሉ፣ ይህችም እፎይ እስክትል ትጠበቃለች። ጠባቂው እኔ ነኝ። ልጄ “አባዬ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቀህ አጥፋት” ብሎኝ ወርዶ ይሄዳል። እኔ በራሴ በር ላይ፣ የቆመ መኪና ውስጥ፣ ቤንዚን እየተቃጠለ እቀመጣለሁ።

ጎረቤት ያልፋል። “ኦቦ፣ ምነው አይወርዱም? ተቀይመው ነው?”

“ተርቦው እስኪቀዘቅዝ ነው።”

አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል። ማታ እኔ ከሚስቴ ጋር ተኳርፌ መኪና ውስጥ ማደር እንደጀመርኩ ይወራል። አጥፍቼ ከወረድኩ በኋላ ደግሞ ፋኑ ብቻውን መጮኹን ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ የሰፈር ልጆች “አባባ! መኪናው አልጠፋም!” እያሉ እስከ ጓዳ ይከተሉኛል።

ዘይቱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በወጣትነቴ የነዳሁት ላንድሮቨር ቁጥር 40 ከበርሜል ይቀዳለት ነበር፤ ከየትኛው በርሜል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ይህች 5 ደብልዩ 30፣ እሱም ፉል ሲንቴቲክ ካልሆነ አትቀምስም። የጉደር ስም በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ አገር ዞሯል፤ የሷን ዘይት ጠርሙስ ፍለጋ ግን አምቦ፣ ከዚያም ሲታጣ አዲስ አበባ ይኬዳል። ተገኝቶም ጣሳው የእውነት፣ ውስጡ የሌላ እንዳይሆን ይሰጋል። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ገዝቶ መሙላትማ ለሷ ነውር ነው።

አንድ ቀን የጌዶን ዳገት ስንወጣ ፉጨት አሰማችና ጉልበቷ ከዳት። የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰክቶ፣ “ጋሼ፣ የተርቦ ግፊት አንሷል ይላል፤ ተርቦው ይቀየር” አለን። ሶማሌ ተራ ተደወለ። የተጠራው ዋጋ ጥሩ በሬ ከነቀንበሩ ይገዛል፤ ያውም አሮጌው ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ በኋላ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋት ሌላ ማታ ሌላ ነው። ጋራዡ ውስጥ ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብድግ ብለው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ጆሯቸውን ሰጡ። ከኢንተርኩለር ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል፤ የተጠቀጠቀው አየር በዚያ ይወጣል። ቱቦው ተቀየረ፣ ፋሼታው ጠበቀ፣ አለቀ። ለኮምፒውተሩ የከፈልነው ከቱቦው ይበልጣል።

ገና የሚመጣውንም እዚያው ነገሩኝ፤ ባልነገሩኝ። ሰማያዊ ጭስ ካየህ ዘይት በተርቦው በኩል እያለፈ ነው። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ባልቮላዎቹን የሚያጥባቸው የለም፤ ካርቦን ይጋገርባቸዋል። ካምቢዮው ሁለት ፍሪሲዮን አለው፤ ዳገት ላይ ከሲኖትራክ ኋላ መንፏቀቅ ያግለዋል። አቧራ ከገባ የመጭመቂያዋን ምላስ ይበላል። ስስ ጎማዋ ጉድጓድ አይችልም። ቦሎና ኢንሹራንስ እንኳ ከዚህ ጎን ምሕረት ናቸው።

ይህ ሁሉ ለምን? የቻይናም የእኛም መንግሥት የመኪና ታክስ በሲሲ ይለካል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአዲስ መኪና ላይ እስከ 1,300 ሲሲ 5 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ኤክሳይዝ ጥሏል። ሞተሩ ያነሰው ለታክሱ ነው፤ ተርቦው የተጨመረው ላነሰው ሞተር ነው፤ እኔ የተጨመርኩት ተርቦውን ለማቀዝቀዝ ነው።

ከተርቦው ሁሉ ግን ያከሰረን የወንበሯ ቁጥር ነው። ሰባት ናቸው። ሰባት መሆናቸውን ዘመድ በሰማ በማግሥቱ፣ ቶኬ ኩታዬ ውስጥ ያለ ለቅሶ ሁሉ የእኛ ለቅሶ ሆነ። ሠርግ፣ ክርስትና፣ አምቦ ሆስፒታል፤ ሁሉም “ቦታ አላችሁ አይደል?” ብሎ ይጀምራል። ቤንዚን በ2017 በሊትር 100 ብር ሲያልፍ ማንም ተሳፋሪ የሰማ አይመስልም።

“ሸጠን እንገላገል” አልኩት። ልጄ ሳቀ። ከጥር 2016 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ዋጋዋ ጨምሯል አለኝ።

“እንግዲያው ደግ፤ አሁኑኑ ሽጣት!”

“ሸጠን ምን እንገዛለን፣ አባዬ?”

ኤሌክትሪክ መግዛት ይቃጣዋል። ተርቦ የላትም፣ የሞተር ዘይት አትጠጣም፣ ጭስ የላትም እያለ ሊያባብለኝ ይሞክራል። መብራት ሲጠፋ ምን ልትበላ ነው ብዬ አልተከራከርኩትም። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወንበሯ ስንት ነው?

ስድስትም፣ ሰባትም አለ አለኝ። አምስት ፈልግ ብዬዋለሁ።