ሳይጠሯቸው አቤት የሚሉ ፓኬጆች

የዘንድሮ ዌብሳይት ሠሪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት «ሪአክት ይሻላል ቩ?» እያለ ስለ ፍሬምወርክ ግማሽ ቀን ይከራከራል። የሚሠራው የአንድ ኬክ ቤት ገጽ ነው፤ አድራሻ፣ ስልክ፣ የቶርታ ፎቶ፣ አለቀ። ባለቤቷ ግን «ዘመናዊ ይሁንልኝ» ብለዋል።

በፍሬምወርኩ አልፈርድም። ፌስቡክ በ2005 ዓ.ም. ሪአክትን ለሁሉም ክፍት ሲያደርገው ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ገጹን በየክፍሉ መሥራት፣ አንዴ የተሠራውን ኮምፖነንት ደጋግሞ መጠቀም። የእኛ ሰው ግን ለቀን መቁጠሪያው አንድ ኮምፖነንት ያወርዳል፣ ለሚንሸራተተው ፎቶ ሌላ። የወረደው ሁሉ ደግሞ ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመጣል። ሳይጠሩት አቤት ያለው ፓኬጅ በሙሉ ኖድ ሞጁልስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይሰፍራል። ፎልደሩን ከፍቶ ማን እንደገባ የሚያይ የለም፤ ዳታ ሲያልቅ ግን ኔትወርኩ ይረገማል።

የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው ኤንፒኤም ላይ ቁጥር ተጋማሽ መሆን አለመሆኑን የሚናገር ፓኬጅ አለ። እንዴት አወቀ? «ኢተጋማሽ ነው ወይ?» የሚለውን ሌላ ፓኬጅ ይጠይቅና መልሱን ይገለብጠዋል። ያኛውም በተራው «ለመሆኑ ቁጥር ነው?» ሲል ሦስተኛውን ይጠይቃል። ለሁለት አካፍሎ ቀሪውን ለማየት!

መጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነውማ የታወቀ ነው። ሌፍት ፓድ ከጽሑፍ ፊት ክፍት ቦታ የሚሞላ 11 መስመር ኮድ ነበር። ጸሐፊው በሌላ ፓኬጁ ስም የተነሳ ከአንድ ኩባንያ ጋር ተጋጨ፤ ኤንፒኤም ስሙን ለኩባንያው ሲሰጥበት ተናዶ ሥራዎቹን በሙሉ ነቅሎ ወጣ። ይህን ጊዜ የሌፍት ፓድን ስም እንኳ ሰምተው በማያውቁ ሰዎች ቤት ሳይቀር ፕሮጀክቶች አልነሳ አሉ፤ እነ ባቤልን የመሰሉ ታዋቂ የጃቫስክሪፕት መሣሪያዎችም ጭምር። ኤንፒኤም ፓኬጁን በሁለት ሰዓት ገደማ መለሰው። ኋላም ጃቫስክሪፕት ራሱ ክፍት ቦታ መሙላቱን ተማረ። ሌፍት ፓድን የሚያወርድ ግን ዛሬም አልጠፋም።

ወደ ፕሮግራመራችን ስንመለስ፣ ፓኬጆቹ ወርደው ሲያበቁ ተርሚናሉ ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ ይህን ያህሉ የደኅንነት ቀዳዳ አለባቸው፣ ይህን ያህሉ ደግሞ የገንዘብ ድጋፍ ይፈልጋሉ። ማን ያነበዋል? ስክሪኑን ያጸዳና፣ ገጹ ከብዶ አልከፈት ስላለ፣ «እባክዎ ይጠብቁ» እያለ የሚሽከረከር ኮምፖነንት ፍለጋ ይገባል።