ዋልያስ ጠያቂ አለው

ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ የቀበሌ ምክር ቤት አባል ለነዋሪው ሪፖርት ሲያቀርብ ሰምቶ ቅር የሚለው ሰው ካለ ጥፋቱ የሰሚው ነው። ሪፖርቱ ምን ጎደለው? ሰላሙ «አንጻራዊ» ነው፣ የተፋሰስ ሥራው «አበረታች» ነው፣ የተተከለው ችግኝ በመቶኛ ተሰልቷል (ስንቱ እንደ ጸደቀ ከብቶቹ ያውቁታል)። «ደካማ ጎን» የሚል ርዕስም አይጠፋም፤ ከሥሩ የሚጻፈው ግን የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው። ቧንቧው የደረቀው፣ ማዳበሪያው የዘገየው ነዋሪው ስላልገባው ነው ማለት ነው። የጠዋቱን ብርድ በጋቢ ተከላክሎ ፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው፣ መድረኩ ላይ የተደረደረውን የታሸገ ውሃ እያየ ስለ ውሃ አቅርቦት ያዳምጣል። ንባቡ ሲያልቅ «ጊዜ ስለሌለን ሦስት ሰው ብቻ» ይባላል። ለሦስቱም መልሱ አንድ ነው፤ ጥያቄው ለሚመለከተው አካል ይደርሳል። የዋህ ሰው የሚመለከተው አካል ምክር ቤቱ ራሱ ይመስለዋል።

ሕገ መንግሥቱም እንዲህ ያለ የዋህነት አለበት። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። የቀበሌ ምርጫ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ሲሞላ ምርጫው ተራዘመ፤ በ2013 ለክልልና ለፌዴራል ምክር ቤቶች ድምፅ ሲሰጥም የቀበሌው ተራ አልደረሰም። ጊዜው ያለፈበትን ውክልና በምን ያነሱታል? እንደማይወርድ የሚያውቅ ሰው ሪፖርት ማሳመር ባላስፈለገው ነበር፤ ቢሆንም ያሳምራል። ይህን ትጋት አለማድነቅ ንፉግነት ነው። በርግጥ ጦርነት ነበር፣ አለም፤ ጭና መንደር ላይ በጦርነቱ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው ይህን አይክድም። ነገር ግን በ2010 ምርጫው ሲራዘም ጦርነቱ ገና አልመጣም ነበር። ደግሞም ነዋሪውን ግማሽ ቀን አዳራሽ ለማስቀመጥ የበቃ ሰላም ለድምፅ መስጫ ሳጥን ብቻ አነሰ ማለት ይከብዳል።

ሪፖርት ተመላሽ ሊደረግ እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1970 ማብቂያ የዓለም ቅርስ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዋልያው ስለተመናመነ፣ እርሻውና መንገዱም ስለገፉት፣ በ1989 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። መንግሥት ለዩኔስኮ የቅርስ ኮሚቴ ሲጽፍ «አበረታች» ብሎ አላመለጠም። ዋልያው ስንት ደረሰ፣ ግጦሹ ምን ያህል ቀነሰ፣ መንገዱስ በየት በኩል ዞረ ተብሎ ተጠየቀ። በ2008 በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች መንደራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ ፓርኩ ከመዝገቡ የወጣው በ2009 ሰኔ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ለዋልያ የተጻፈው ሪፖርት ያን ያህል ሲመላለስ፣ ከግጭ ለወረደው ሰው የሚነበበው በአንድ ጭብጨባ ይጸድቃል። ግጭ የቀረው ዋልያ ጠያቂ አለው፤ ደባርቅ የገባው ሰው የለውም።

«ቀበሌ በጀት የለው፣ ሥልጣን የለው፣ አባሉ ምን ያድርግ?» የሚል ሙግት ይቀርባል። እውነት ነው፤ ገንዘቡም ውሳኔውም ያለው ወረዳና ከዚያ በላይ ነው። እንግዲያውስ ከሁሉ የሚሻለው ሪፖርት ከሁሉ አጭሩ በሆነ ነበር፦ ይህን ጠየቅን፣ ወረዳው በዚህ ምክንያት እምቢ አለን። ለመጻፍም በጀት አይፈልግም። ሆኖም የሪፖርቱ ቅጽ የመጣው ከወረዳ፣ ተሞልቶ የሚመለሰውም ወደ ወረዳ ነው፤ ለነዋሪው የሚነበበው «የሕዝብ ተሳትፎ» የሚለው ሣጥን ባዶ እንዳይቀር ነው። ያቺን አጭር ዓረፍተ ነገር አዳራሽ ውስጥ ያነበበ አባል በማግስቱ ወረዳ ይጠራል። አውራጁ ማን እንደሆነ እሱ ከአንቀጽ 12 አርቃቂዎች የበለጠ ያውቃል።