ኳሷ ወደ ቆላ ወረደች

«የክረምት ስፖርት ካምፕ» የሚባለውን ነገር ያመጣው ሰው ደብረ ብርሃንን በሐምሌ አይቷት እንደማያውቅ እምላለሁ። መማል እንደማይገባ ልጆቹን የማስተምረው እኔው ነኝ፤ ጉዳዩ ግን ያስምላል። ፈረንጆቹ ልጆቻቸውን ካምፕ የሚሰዱት ፀሐይ ስትበረታ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሐይቁ ይሞቃል፣ ልጁ ቁምጣውን ለብሶ ይወጣል። እኛም ዘንድ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚያው ሰሞን ነው። ችግሩ፣ እሱ ሲዘጋ ሰማዩ ይከፈታል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከተማዋን የቆረቆሩት ከሰማይ ብርሃን ስለታየ ነው ይባላል፤ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1456 የታየችው ጅራታም ኮከብ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። የሆነው ይሁን፣ ያ ብርሃን ወሩን መርጦ ነው የመጣው። በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ደመናው መሐል ቀርቶ አገሩ ዛሬ ሌላ ስም ይኖረው ነበር። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለመትከል ያሰበውን ሰው ግን እግዜር ይስጠው፤ ገበያውን ከደጁ አድርጎ ነው የተከለው።

ነገሩ የተጀመረው በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስብሰባ ላይ ነው። የየትኛው ደብር እንደሆነ አልናገርም፣ የንብረት ክፍሉ እንዳይቀየመኝ። አንዲት እህታችን ውጭ አገር ያለ ዘመዷ የላከላትን የክርስቲያን ልጆች ካምፕ መርሐ ግብር ይዛ መጣች። ወደ አማርኛ ተመልሶ ተባዛ። «12፡30 በፀሐይ መውጫ ሶምሶማ። 2 ሰዓት ቁርስ። 4 ሰዓት ዋና። 8 ሰዓት በጥላ ሥር ዕረፍት።» ጥላ የሚለውን ሳነብ ዣንጥላ መስሎኝ አለፍኩት። ኋላ ሲታይ ትክክል የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

የስፖርት ኃላፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ችሎታዬን አይተው እንዳይመስላችሁ፤ ፊሽካ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። በሞዴል 22 ፈርሜ ሦስት ኳስ፣ አንድ ፖምፓና አንድ ረጅም ገመድ ተረከብኩ። ንብረት ክፍሉን የያዙት አባት መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ «ልጄ፣ ሦስት ወጥቷል፣ ሦስት ይገባል» አሉኝ። «ይገባል አባቴ» አልኩ። ለጎል ያሉ ነበር የመሰለኝ።

ቦታውን የመረጡት የኔታ ናቸው። «ሕፃናቱ አንኮበርን ይዩ» አሉ፤ እሳቸው ካሉ ደግሞ አለቀ። ሐምሌ 26 ቀን ሠላሳ ስምንት ልጅ በአይሱዙ ጭነን ተነሣን። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። እናቶች ለእያንዳንዱ ልጅ ጋቢ፣ ባና፣ በፌስታል የታሰረ በሶና ቆሎ አሸከሙት። አንዷ እጄን ይዘው፣ «አደራ ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ ብርድ አይችልም» አሉኝ። ልጁ በቁምጣ፣ እኔ በሁለት ሹራብ ነበርን።

የኔታ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው በመስኮት ወደ ኋላ እየጮሁ ታሪክ ያስተምራሉ። ምኒልክ በ1836 ዓ.ም በዚሁ በእኛው ወገን በአንጎለላ እንደተወለዱ፣ አንኮበር የአያታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ እንደነበረች፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1841 ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሻምበል ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ መድፍ ሳይቀር ለንጉሡ እጅ መንሻ አስጭኖ፣ ያንን አቀበት እንደወጣ ነገሩን። ከኋላ የሚሰማው ግን «ምኒልክ» እና «መድፍ» ብቻ ነበር። ስንደርስ አንዱ ልጅ የጠየቀኝ መድፉ የት እንዳለ ነው።

አንኮበር ሜዳ የለም አልልም። አለ፤ ግን አንዱ ጎኑ ከሌላው ጎኑ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ካለው ጎን ባሻገር ደግሞ መሬቱ ያልቃል። ከዚያ በታች አልዩ አምባ ነው፣ ከአልዩ አምባ በታች ቆላው፣ ከዚያ ወዲያ አፋር። በዚህ ሜዳ ላይ ሽቅብ የሚያጠቃ ቡድን ያሳዝናል፣ ቁልቁል የሚያጠቃ ደግሞ ያስፈራል።

በሦስተኛው ቀን፣ ጓደኞቹ ግራ እግሩን «ባዙቃ» የሚሉት ልጅ ቁልቁል ሲያጠቃ ነበር። መታት። ኳሷ ከጎሉ በላይ አለፈች፣ ድንጋይ ላይ ነጠረች፣ የገብሱን ማሳ ዘለለች፣ ከታች ሲወጣ የነበረው ጉም ተቀበላት። ሠላሳ ስምንት ልጅ ጫፉ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ጠብ… ጠብ… ጠብ።

«ጋሼ» አለ አንዱ በሹክሹክታ፣ «አሁንም እየሄደች ነው።»

ሻምበል ሃሪስ ሽቅብ ሲመጣ ሳምንታት የፈጀበትን መንገድ ኳሳችን በሁለት ደቂቃ ቁልቁል ጀመረችው። ወርደን እንፈልጋት ብል የኔታ፣ «ኳስ ፍለጋ የወረዱትን ልጆች ፍለጋ ማን ሊወርድ ነው?» አሉኝ። መዝገቤ ላይ «ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ጉሙን አንዴ ካነሣሁት ልጨርሰው። አንኮበር ላይ ጉም ሲገባ እንደ እንግዳ ደጅ ቆሞ አይጠብቅም፤ በመጀመሪያው አጋማሽ አሥራ አምስተኛ ደቂቃ ላይ ገብቶ መሐል ሜዳውን ይይዛል። በረኛው የሚጠብቀው ኳሱን ሳይሆን ጩኸቱን ነው። አንድ ቀን ሁለቱም ቡድኖች ጎል አገባን ብለው በየጫፋቸው ሲጨፍሩ ደረስኩ፤ ኳሷ መሐል ላይ ብቻዋን ቁጭ ብላለች። እንዲህ ሲሆን የሚዳኝልን «ቫር» ያልነው የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ቫር የተባለው ሁሉን ስለሚያይና ያየውን ሁሉ ስለሚያወራ ነው። ማን ቆሎ እንደሰረቀ፣ ማን በጸሎት ሰዓት እንደሳቀ፣ እኔ በድብቅ ሻይ የጠጣሁበትን ሰዓት ሳይቀር ያውቃል። ገደል አፋፍ ላይ ሣር የሚነጩ ጭላዳዎችም ነበሩን፤ ከጎናችን ተቀምጠው ያያሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወንድ ትልቅ ጎፈሩን ነስንሶ ሲያየኝ አንድ የማውቀው የእግር ኳስ አሠልጣኝ ትዝ ይለኝ ነበር።

ሁለተኛዋ ኳስ ቀጋ ውስጥ ገብታ ትንፋሿ ወጣ። ዝናቡም ያን ቀን ጀመረና ሦስት ቀን አላባራም።

ሠላሳ ስምንት ልጅ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን! ሰኞ ማክሰኞ በከሰል ወለሉ ላይ ተሠመረ፣ ሱዚ ተዘለለ፣ ብይ ተጫወቱ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ፣ እንደገና ተጣሉ። እኔ ደግሞ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ትልልቆቹ ወወክማ ሲሉት የሚያስታውሱት፣ ጆርጅ ዊሊያምስ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1844 ለንደን ላይ የመሠረተው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ አሜሪካ ባለው ማሠልጠኛው ውስጥ በ1891 እንዲሁ ክረምት አስጨንቆት ነበር። ውጭ በረዶ፣ ውስጥ የሚቅበጠበጡ ጎረምሶች። ናይስሚዝ የሚባለው አስተማሪ፣ እሱም ሃይማኖት የተማረ ሰው ነው፣ የኮክ መያዣ ቅርጫት የአዳራሹ ሰገነት ላይ ሰቅሎ ኳስ እንዲከቱበት አደረገ። ቅርጫት ኳስ ተወለደ። እንግዲህ ጨዋታው የመጣው በመጥፎ አየር ምክንያት ከሆነ የእኛ አዳራሽ ከዚያ ምን ያንሳል?

ቅርጫት አልነበረንም፤ የወጥ ቤቷ እትዬ እንቅብ ግን ነበረ። ናይስሚዝ መጀመሪያ የቅርጫቱን ቂጥ ሳይቀድ ትቶት ኳስ በገባ ቁጥር መሰላል እየተወጣ ይወርድ ነበር። እኔ ከስህተቱ ተምሬ ቀደድኩት። እትዬ ሽሮ ሊሰፍሩ ሲመጡ እንቅባቸው ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ፣ በታቹ ኳስ እየፈሰሰ አገኙት።

«ይሄን ያደረገው ማነው?»

ሠላሳ ስምንቱም ዝም። ቫር ግን እንደ ልማዱ እውነትን መረጠ። ያን ቀን ማታ ለእኔ የተሰጠኝ ሽሮ የእንቅቡን ቂጥ ይመስል ነበር፤ መሐሉ ባዶ።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። የሌላውን ጾም በማባበል የሚጾም ልጅ ፍልሰታ ሲሆን ማን ያስቆመዋል? ሁሉም ሊቆርብ ነው። ቅዳሴው የሚጀመረው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፣ የሚበላው ከዘጠኝ በኋላ። የኔታ ከውጭ የመጣውን መርሐ ግብር ተቀብለው «ቁርስ» የሚለውን በቀይ ሰረዙ፣ «ምሳ» የሚለውን ወደ ዘጠኝ ተኩል ወሰዱ፣ «ዋና» የሚለው ላይ ሲደርሱ በመስኮት ወደ ውጭ ተመልክተው «ይሄ እንዳለ ይቆይ» አሉ።

እኔ ስፖርቱ የሚቀር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጆቹ ግን በባዶ ሆዳቸው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜዳ ላይ ናቸው። ውሃ እንኳ አይነኩም። በዚህ መሐል ከባድ የሃይማኖት ጥያቄ ተነሣ።

«ጋሼ፣ ስሮጥ ዝናብ አፌ ውስጥ ገባ። ገደፍኩ?»

ለዚህ ፊሽካ አይበቃም። ወደ የኔታ ወሰድኩት። የኔታ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጥቂት አሰቡና፣ «አፉን ዘግቶ ይሩጥ» አሉ። በአንድ ፍርድ ሁለት ነገር ተስተካከለ፤ ከዚያ ወዲህ በጨዋታ ላይ የሚሳደብ ልጅ አልሰማሁም።

ፑሽ አፕ አሠራቸዋለሁ ስልም የኔታ ቀደሙኝ። «መሬት ላይ ወድቆ መነሣት ነው የፈለግኸው? አርባ አንድ ስግደት አሰግዳቸው፤ በረከትም ያገኛሉ፣ ጡንቻም ያወጣሉ።» ምሳሌ እንድሆን ከፊት ቆምኩ። ልጆቹ አርባ አንዱን ጨርሰው ወደ ኳሳቸው ሄዱ። እኔ ሃያ ሦስተኛው ላይ ስደርስ የኔታ ከጎኔ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ «በርታ ልጄ፣ ነፍስህ ነው እንጂ ጉልበትህማ ይተካል» ይሉኛል።

ጫማ ሌላው ጣጣ ነበር። መርሐ ግብሩ «የስፖርት ጫማ» ይላል፤ የመጣው ግማሹ ሸራ፣ ግማሹ ኮንጎ ነው። ጭቃው ኮንጎውን ይይዝና ልጁን ይለቀዋል። ጫማህ የት አለ ስል መልሱ አንድ ነው፤ «አበበ በቂላ ያለ ጫማ አይደል እንዴ ያሸነፈው?» ይሄ ምን ይመለሳል? አበበ የተወለደው ጃቶ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ አይርቅም፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ ማሸነፉን ዓለም ያውቃል። በሲድኒ በአሥር ሺህ ሜትር ብር፣ በአምስት ሺህ ነሐስ ያመጣችው ጌጤ ዋሚም የጫጫ ልጅ ናት፤ ጫማ ነበራት ብዬ እሷን ጠቀስኩ። «እሷማ ወርቁን አላገኘችም» አሉኝ። ካሜራ ያለው ቢኖር ፊቴን ማንሣት ነበረበት።

ነሐሴ 12 ማታ፣ ቡሄ ሊብት ችቦ እያሰርን፣ እትዬ ሙልሙሉን እየጋገሩ (እንቅቡን ይቅር ብለውኛል፤ በከፊል) ከገደሉ በታች ጅራፍ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላ። ከጉሙ ውስጥ ሰባት እረኞች ወጡ፣ ሁሉም ባዶ እግራቸውን፣ ከመካከላቸው ትንሹ በኩታው የቋጠረው ነገር አለ። ፈታው። የእኛ ኳስ ናት። ቀለሟ ለቋል፣ ግን ሙሉ ናት።

«ይቺን ነገር ጣላችሁ?» አለኝ። ቀጠለናም፣ «አንድ ጨዋታ እንጫወት» አለ።

ልጆቼ ሳቁ። ሁለት ሳምንት የሠለጠኑ፣ መርሐ ግብር ያላቸው ናቸው! በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ለዜሮ ሆነ። እረኞቹ ሰባት ሆነው የአሥራ አንድ ያህል ይሮጣሉ፣ ኳስ ከእግራቸው አትወጣም። በዕረፍት ላይ ትንሹን ጠርቼ፣ እንዲህ መያዝ ማን አስተማራችሁ አልኩት። «እኛ ጋ ያመለጠችው ሰው ራሱ ነው ወርዶ የሚያመጣት» አለኝ። አሠልጣኝነት ይሄ ነው ለካ፤ ገደል ነበር የጎደለኝ።

በስተመጨረሻ ባዙቃ አንዲት አገባ። ሠላሳ ስምንቱም ጮኹ፣ የኔታ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን አነሡ። ከዚያ ቫር እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ በእጁ ነው ያገባው።»

አምስት ለባዶ አለቀ። ልጆቹ አብረው ሆያ ሆዬ ጨፈሩ፣ እትዬ ለሰባቱም ሙልሙል አደሏቸው፣ ጅራፍ ተጩኾ ገደሉ መለሰው። ሊሄዱ ሲሉ ትንሹ ኳሷን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው።

«ስጣቸው» አሉ የኔታ በጎኔ።

«የኔታ፣ ሞዴል 22 ፈርሜባታለሁ እኮ።»

«ጠፍታለች ብለህ ጽፈህ የለም? የጠፋ ነገር ሁለት ጊዜ አይጠፋም።»

ትንሹ መልሶ በኩታው ቋጠራት። በዚህኛው አላንከባለሏትም፤ ተሸክመዋት ወረዱ።

ደብረ ብርሃን ስንመለስ ንብረት ክፍል ገባሁ። አባታችን መዝገቡን ገለጡ። ኳስ፣ ወጪ 3። የተነፈሰች 1፣ ደህና 1። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ይቺስ?»

«ቆላ ወረደች አባቴ።»

«መቼ ትመለሳለች?»

«ለመልስ ጨዋታ ስንሄድ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው እንዳለ ጻፉት።